የእርቅ አረቄ

ፋና አረቄ በምታወጣበት ቀን በአፍንጫዋ አትተነፍስም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሥር ጠምጥማ፣ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ነው ከምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው። ተሳስታ አንዴ በአፍንጫዋ ከሳበች አለቀላት፤ ወደ ጓሮ ሮጣ የበላችውን ሁሉ ትመልሳለች። ታዲያ ይህን ያህል የሚያቅለሸልሻትን ነገር ማን አስገድዷት ታወጣለች ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ ተፈርዶባት ነው። የፈረደባትም ዳኛ አይደለም። ጋቢ የለበሱ፣ ጭራ የያዙ፣ በየቃሉ መሀል "ልጄ፣ ልጄ" የሚሉ ሽማግሌዎች ናቸው።

እነዚያው ሽማግሌዎች ዛሬ ይመጣሉ። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እሷም ከድፍድፉ ማሰሮ እስከ ማጠራቀሚያው የተዘረጋውን የቀርከሃ ቧንቧ እያየች፣ ጠብ ጠብ የሚለውን እየሰማች፣ የባሏን ስካር ሊዳኙ ለሚመጡ ሰዎች የሚጠጡትን ታዘጋጃለች። ሰካራም ባሏን ለመክሰስ መጀመሪያ ለዳኛውም ለተከሳሹም የሚበቃ አረቄ ማውጣት አለባት። እንዲህ ያለ ወግ የት አገር አለ ብትሉ እዚህ አለ፤ ባጃጁ ከቆሰበር አምጥቶ ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ካወረዳችሁ በኋላ ትንሽ በእግር ሽቅብ ብትሉ ታገኙታላችሁ።

ባሏ ደረሰ ይባላል። መሬቱ ድንችም ገብስም የማይነፍገው፣ እጁም ሲሠራ የሚያምር ሰው ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ያጋቧቸው ወላጆቻቸው ናቸው። እሱ ዓይኑን የጣለው ጫግኒ ወርዳ እዚያው በቀረች በሌላ ልጅ ላይ ነበር፤ ፋናም ብትሆን ትምህርቷን አቋርጣ ነው እሺ ያለችው፣ ማለትም እሺ የተባለላት። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን አፍ አውጥተው አልተነጋገሩበትም። መጀመሪያ ዝምታው መጣ። ከዚያ ደረሰ ገበያ ወጥቶ ማምሸት ጀመረ፤ ማምሸቱ ውሎ አድሮ ማደር ሆነ። ዝምታው ነው መጠጡን ያመጣው ወይስ መጠጡ ነው ዝምታውን ያባሰው የሚለውን እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ይፍተሉት። ለእሷ ሁለቱም ተያይዘው ገብተው አንድ መደብ ላይ ተኝተውባታል።

መደቡ የተነሳውም ያለ ነገር አይደለም። ደረሰ ሰክሮ ባደረ ቁጥር መደቡን አርጥቦት ነው የሚነሳው። አርባውን የደፈነ ሰውዬ። ፋና ጠዋት ጠዋት አጎዛውን አውጥታ አጥሩ ላይ ታሰጣለች፤ ጎረቤት እንዳያይባት እርጥቡን ወደ ውስጥ ገልብጣ፣ ምክንያቱም በዚያ ቤት ሕፃን ከታዘለ ስንት ዘመኑ። እሱ ደግሞ የዚያኑ ጠዋት ያለቅሳል። ጉልበቷን አቅፎ፣ ንፍጡን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገ፣ ሁለተኛ ከቀመስኩ እንዲህ ያድርገኝ፣ እንዲያ ያድርገኝ ይላል። ስድቡን ትችለዋለች። አልፎ አልፎ የሚያነሳባትን እጅም ችላዋለች። መቻል ያቃታት ያንን የጠዋት ለቅሶ ነው። እንባው ራሱ አረቄ አረቄ ይሸታታል።

የመጀመሪያው ሽምግልና ላይ ገና ተስፋ ነበራት። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። ዋናው አያ ስማቸው፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ጢማቸው ደረታቸውን የሞላ፣ በዚያ አካባቢ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሁለተኛው አያ ፀጋው፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ያዳምጡ ይተኙ ግን ለይቶ ያወቀ የለም። ሦስተኛው ጡረታ የወጡት መምህር ባንተአምላክ ናቸው፤ ሁሉን ነገር በሁለት ወገን ማየት የሚወዱ። ከእሷም ከእሱም ከሰሙ በኋላ አያ ስማቸው ጢማቸውን እያሻሹ አንድ ነገር ጠየቋት።

"ለመሆኑ ልጄ፣ እቤት ውስጥ የሚጠጣ ነገር አለ?"

"ኧረ የለም አባቴ" አለች፣ የሚያስመሰግናት መስሏት።

"በቃ፣ ተገኘ" አሉ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው። "ሰውየው ደጅ የሚያድረው ቤቱ ባዶ ሆኖበት ነው። አንቺ እጅሽ ባለሙያ መሆኑን እናውቃለን። ጠላውንም አረቄውንም እዚሁ እቤት አውጪለት። እቤቱ ቁጭ ብሎ ከጠጣ የት ይወድቃል? ማንስ ያየዋል?"

አማቷ እማ ሸጋ ከጓዳ ሆነው እልል አሉ፤ ልጄን በቤቱ ሰበሰባችሁልኝ ብለው የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳሙ።

መሰብሰቡስ ተሰበሰበ። ግን መቼም ሰው ብቻውን አይጠጣም። አንድ ጓደኛው መጣ፣ ጓደኛው ጓደኛውን አመጣ፤ እሷ ስታወጣ እሱ ሲጋብዝ ያ ቤት የመንደሩ ወንድ ሁሉ መዋያ ሆነ። ሚስቱን የጠላ፣ ሚስቱ የጠላችው፣ ከሚስቱ ጋር የሚያወራው ያለቀበት ሁሉ እግሩ ወደ ፋና ቤት ነው። እዚያ ተቀምጠው የየቤታቸውን ገመና ይዘከዝኩታል። አንዱ የኔዋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የምታድረው ይላል፣ ሌላው የኔይቱማ ብሎ ይቀጥላል፣ የቀሩት በሳቅ ይንከተከታሉ። ፋና እየቀዳች ትሰማለች። የጎረቤቶቿን የመኝታ ምሥጢር ሳትፈልግ አወቀች፤ በማግስቱ ወንዝ ስትወርድ ሚስቶቻቸውን ቀና ብላ ማየት እያፈረች። እነሱ ደግሞ ባሎቻችንን የምታሰክርብን እያሉ ፊት ይነሷታል። አይ የሰው ነገር።

ቆሻሻቸውንማ ተዉት። ወለሉ ላይ ይተፋሉ። ሽንታቸው ሲመጣ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ ራቅ ማለት ይሰለቻቸውና ግድግዳው ላይ ይለቁታል፤ በክረምት ጭቃው ራሱ ሽንት ሽንት ይሸታል። ትውከት የምትጠርግበት አመድ ስላለቀባት ከጎረቤት አመድ የለመነችበት ጊዜ አለ። ልብሷ፣ ፀጉሯ፣ የምትበላው እንጀራ ሳይቀር ድፍድፍ ድፍድፍ ይላታል።

አንድያ ልጃቸው ሕይወት ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ቆሰበር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖር ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልትወስድ ትመጣ ነበር። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ከጠጪዎቹ አንዱ፣ አባቷን የሚያህል ሰው፣ እጇን አፈፍ አድርጎ "አንቺ ቅጅልኝ እስቲ፣ በልጅ እጅ ይጣፍጣል" አላት። አባቷ ሳቀ። ሕይወት እጇን መንጭቃ፣ ስንቋን እንኳ ሳትይዝ ቁልቁል ወረደች። በኋላ በስልክ ለእናቷ የነገረቻት ይህችኑ ብቻ ነው፤ "እማዬ፣ እዚያ ቤት ሁለተኛ አልመጣም። አንቺ ከወጣሽ ግን ያለሽበት እመጣለሁ።" ኔትወርኩ ተቆረጠ። ባይቆረጥም የሚጨመርበት ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው ፋና ሁለተኛውን ሽምግልና ጠርታ ፍቱኝ ያለችው። ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። መምህር ባንተአምላክ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ "ነገሩ እኮ ሁለት ወገን አለው። የከፋ ትዳር ሰውን ወደ መጠጥ ይገፋል፤ መጠጥም ትዳርን ያከፋል። ጥያቄው የትኛው ቀደመ ነው" አሉ። አያ ስማቸው ደረሰን "አንተ ለምን ትጠጣለህ?" ብለው ጠየቁት።

"ፊቷን ሳየው ይጠማኛል" አለ።

ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ፣ አያ ፀጋውም ዓይናቸውን ገልጠው ሳቁ። ፍርዱም ከዚያው ሳቅ ወጣ፤ ፊትሽን ፍቺ፣ ሰክሮም ቢገባ በፈገግታ ተቀበይው፣ እግሩን እጠቢው፣ ወንድ ልጅ በክፉ ፊት አይመለስም ተባለች።

የእርቁ ማሰሪያ ደግሞ እንዲህ ነው። አያ ስማቸው አንድ መለኪያ አረቄ ይመርቃሉ። ባል ግማሹን ጠጥቶ ለሚስቱ ያቀብላል፤ ሚስት ለወጉ ያህል ከንፈሯን ታስነካለች። ያን ጊዜ እርቁ ተጠጣ ይባላል። አንዴ ከተጠጣ ያለፈው ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ያለፈውን ያነሳ ነገረኛ ነው። ፋና ሁለት ጊዜ ከንፈሯን አስነክታለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ከጓሮ ሄዳ አፏን በአመድ አሽታ ታጥባለች።

ታዲያ ለምን ጥላው አትሄድም? የት ትሂድ? ከአባቷ መሬት የሚደርሳት ድርሻ በታላቅ ወንድሟ በምንይችል እጅ ነው። ምንይችል ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ሲል ውሎ የሚያድር ሰው ነው እንጂ። "እታለም" ብሏታል፣ "ኮብልለሽ ብትመጪ በሬን አልከፍትልሽም። ሽማግሌ ፈርሷል ካለ ግን በእጄ ይዤ አስገባሻለሁ፤ የአባታችንንም ድርሻ ለክቼ እሰጥሻለሁ።" ስለዚህ የፋና መውጫ፣ የልጇም መመለሻ የተንጠለጠለው በሦስት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው። በእነዚያ የእሷን አረቄ በሚጠጡ አፎች።

ረፋዱ ላይ መጡ። ደረሰ ተላጭቶ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተቀበላቸው፤ ላየው ሰው መነኩሴ ይመስላል። እማ ሸጋ ከልጃቸው ጎን ተቀመጡ። ምንይችልም መጥቶ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አያ ፀጋው ለወገባቸው ይመቻል ብለው መደቡ ላይ ያለችውን አጎዛ መረጡ። ፋና አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ይቀመጡበት፣ ምን አገባት።

ነገሩ ሳይጀመር ጉሮሮ ይርጠብ ተባለና ቀዳችላቸው። አያ ስማቸው የመጀመሪያውን መለኪያ ወደ ብርሃኑ አንስተው አዩት።

"ዳግም ነው?"

"አዎን አባቴ፣ ሁለቴ ነው ያወጣሁት።"

"ያስታውቃል። እጅሽ ይባረክ።"

ጨለጡት። ጢማቸው ላይ የቀረችውን ጠብታ በመዳፋቸው ጠርገው መዳፋቸውን ላሱት። ፋና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁለተኛ ቀዳች፣ ሦስተኛም ቀዳች። ቤቱ ያንን የምትጠላውን ሙቅ ሽታ ሞላ፤ በአፏ እየተነፈሰች ቆመች። ደረሰ ብቻ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ለእኔ ይቅርብኝ አባቶቼ፣ የተከሰስኩበት ነገር ነው" አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ዓይኑ ግን ከጠርሙሱ ላይ አልተነቀለም።

"በይ እንግዲህ ልጄ፣ ተናገሪ" አሉ አያ ስማቸው።

ለስንት ቀን ያሰናዳችው ንግግር ነበራት። ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፋባትና ያለውን የሆዷን አወጣችው። "አስጠላኝ" አለች። "ሌላ ቃል የለኝም። ሽታው አስጠላኝ፣ ትውከቱ አስጠላኝ፣ ለቅሶው አስጠላኝ። ቤቴ ቤት መሆኑ ቀርቷል። አንዲት ልጄ አባቷ ቤት መምጣት ጠልታለች። እናንተ አውጪ ስላላችሁኝ አወጣሁ፣ ሳቂ ስላላችሁኝም ሳቅሁ። ምንም የቀረኝ የለም። ፍቱኝና ልሂድ።"

"እሱስ ምን ይላል?"

"ጥፋተኛ ነኝ" አለ ደረሰ፣ ለቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ። "ግን አባቶቼ፣ እሷን እወዳታለሁ። ከእንግዲህ አልቀምስም።"

"ይኸው፣ አመነ" አሉ እማ ሸጋ። "ሌላ ምን ትፈልጋለች?"

ሦስቱ በአዊኛ ጥቂት ተንሾካሾኩ። ከዚያ አያ ስማቸው ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። "ልጄ፣ ስሚኝ። ትዳር በዚህ አይፈታም። ወንድ ልጅ ይጠጣል። ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። የሚጠጣው እሱ በመሆኑ አመስግኚ። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ እኛም እዚህ አንቀመጥም ነበር። ቤት የሚፈርሰው ሴት ስትጠጣ ነው። ሰካራም ሴት ያለችበት ቤት ሽምግልና የለውም፤ ያን ጊዜማ በቃ፣ በየፊናችሁ ነው።"

"ልክ ነው" አሉ መምህር ባንተአምላክ።

አያ ፀጋውም ዓይናቸውን እንደጨፈኑ "እህ" አሉ።

ፋና የሰማችውን ነገር መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ቁጣ ብቻ ነበር የመጣባት፤ ሦስት የራሰ ጢም አሰልፈው የሚሏትን እዩልኝ ብላ። ከዚያ ቃሉ ተመልሶ መጣ። በየፊናችሁ ነው። ይህን አፍ ለስንት ዓመት ለምናዋለች፣ ይኸው አሁን ራሱ ተናገረው፣ መውጫው ግን በሰካራም ሴት በር በኩል ነው። ወንድሟን አየችው። ምንይችል ወለሉን ያያል።

አያ ስማቸው መለኪያውን አስሞልተው ተነሱ። ምርቃቱን በአዊኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፤ ቤቱ ይሙቅ፣ ከብቱ ይርባ፣ ክፉ ዓይን አይያችሁ፣ ያለፈው ይለፍ። ሁሉም አሜን አሉ። ደረሰ መለኪያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። አልቀምስም ያለ ሰው ነው፤ ግማሹን ሲያደርስ ጉሮሮው ሁለቴ ላይ ታች አለ፣ ዓይኑም ፈገግ አለ። ከዚያ በቀረው ላይ አውራ ጣቱን ነክሮ መለኪያውን አቀበላት።

ያዘችው። ሽታው ከነጠላው አልፎ ገባ። ምራቋ አፏን ሞላው። ከንፈሯን ማስነካት ነበር የሚጠበቅባት። ከንፈር ካስነካች ነገ አጎዛውን ታሰጣለች፣ ከነገ ወዲያም ታሰጣለች፣ ልጇም ቆሰበር ላይ ትቀራለች። ብትጠጣውስ? ስሟ ይሄዳል። ሰካራሟ ፋና ትባላለች፣ በገበያውም በቤተ ክርስቲያኑም ደጅ፣ እስክትሞት። ጥቂት አሰበችበት፤ ብዙ የሚያሳስብ ነገር ግን አላገኘችም።

ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። መለኪያውን አንገቷን ቀና አድርጋ ጨለጠችው።

እሳት ነው የወረደው። ከእሳቱ የባሰው ግን የደረሰ አፍ ሙቀት ከመለኪያው ጠርዝ ላይ መቅረቱ ነበር። ሊመለስባት መጣ፤ ጥርሷን ነክሳ ዋጠችው፣ እንደገና መጣ፣ እንደገና ዋጠችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አፏን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ልክ ደጋግማ እንዳየቻቸው ወንዶች አድርጋ፣ መለኪያውን ወደ አያ ስማቸው ዘረጋች።

"ድገሙኝ።"

ደረሰ ሳቀ። ማንም ሳያግዘው ሲቀር ሳቁን አቆመ።

"ምን አልሽ?" አሉ አያ ስማቸው።

"ድገሙኝ አልኩ። እኔ ያወጣሁት አይደለም?" ጠርሙሱን ራሷ አንስታ ቀዳች፤ ከመለኪያው ተርፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። "ምነው አፈጣችሁብኝ? አውጪ ስትሉኝ ሳልቀምስ የማወጣ መስሏችሁ ነው? ስንት ጊዜዬ ነው። እሱ ሲተኛ እጠጣለሁ። ጠዋትም ሳልጠጣ እጄ አይፈታልኝም። ዛሬም እናንተ ሳትመጡ ቀምሻለሁ።" ሁለተኛውንም ጨለጠችው። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽታ አታውቅም፤ በሽማግሌ ፊት፣ በምርቃት ላይ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት አያ ስማቸው ናቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አንስተው አፍንጫቸውን ያዙ። ጢማቸው ገና ከሦስተኛው መለኪያ አልደረቀም።

"ኧረ ያቅለሸልሻል" አሉ። "አፏ ይሸታል እኮ።"

"ወይኔ ልጄን" አሉ እማ ሸጋ ደረታቸውን እየደቁ። "ለካስ ልጄን ያሰከረችው እሷ ናት። ለካስ ከእሷ ነው የተጋባበት።"

መምህር ባንተአምላክ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ለዓመታት ያስጨነቃቸው ጥያቄ የተፈታላቸው ሰው ይመስሉ ነበር። "እንግዲህ መንስኤው ይህ ነዋ" አሉ። "ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለች ሴት ይዞ ባይጠጣ ነበር የሚገርመው።"

ደረሰ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ፊቱ ላይ ከዚህ በፊት አይታበት የማታውቀው ነገር መጣ። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ጠዋት ጠዋት አጎዛውን ስታነሳ የራሷ ፊት የሚሆነው ፊት ነው። ከጎኗ ራቅ አለ፣ የጋቢውን ጫፍ እንዳትነካበት ሰበሰበ። "አባቶቼ" አለ፣ "እኔ ጥፋተኛ ነኝ ብያለሁ። ግን ከሰካራም ሴት ጋር አንድ መደብ ላይ ተኛ ብትሉኝ አልችልም። ይሄ ከአቅሜ በላይ ነው። ያስጠላል።"

"ማን ተኛ አለህ" አሉ አያ ስማቸው። "ይህማ ምን ሽምግልና አለው። ፈርሷል።"

"ፈርሷል" አሉ መምህር ባንተአምላክ።

አያ ፀጋው ዓይናቸውን ገለጡ። "ፈርሷል" አሉ እሳቸውም፣ ከአጎዛው ላይ ሳይነሱ።

"ልጅቱስ?" አሉ እማ ሸጋ።

"እሷንም ይዛ ትሂድ" አለ ደረሰ። "የእናቷን አይታ ያደገች ምን ትሆንልኛለች።"

ይኸው ነው። ፍቱኝ ብላ ለዓመታት ለምና ያልተፈታው፣ በሁለት መለኪያ ተፈታ። ፋና ልትስቅ ወይም ልታለቅስ ይገባት ነበር፤ ለሁለቱም አፏን ብትከፍት ግን ሌላ ነገር ነው የሚወጣው። አፏን በነጠላዋ ይዛ በጓዳ በር ወደ ጓሮ ወጣች። ከአጥሩ ሥር ተንበርክካ ሁሉንም መለሰችው፤ አረቄውን፣ የጠዋት ቆሎዋን፣ ከዚያም ምንም የሌለበት ቢጫ ውሃ እስኪመጣ ድረስ። አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያ ገብታ የራሷን ልብስና የሕይወትን ትርፍ ደብተሮች በአንድ ነጠላ ቋጥራ ወጣች። ሌላ ምንም አልነካችም።

ምንይችል ደጅ ቆሞ ይጠብቃታል። ፊቱ አመድ መስሏል። በእጄ ይዤ አስገባሻለሁ ብሎ ነበር፤ እጁን ግን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎታል። "ቃሌ ቃሌ ነው" አለ ሳያያት። "ድርሻሽንም እሰጥሻለሁ። ግን እታለም፣ እንዲህ አድርገሽ አባታችንን ታዋርጂው?"

ዋሽቼ ነው ልትለው አፏ ላይ ደረሰ። አንድ ቃል ነበር የቀራት። ግን ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ዋሽታ መሆኑን ቢሰማ ደስ ብሎት፣ እጇን ይዞ፣ ለሽማግሌዎቹ እህቴ ንጹህ ናት ብሎ መልሶ ያስገባታል። እነሱም ይታረቁ ይላሉ። ስለዚህ ዋጠችው።

"ይቅር በለኝ" ብቻ አለችው።

እሱ ከፊት፣ እሷ ራቅ ብላ ከኋላ ሆነው አጥሩን ይዘው ሄዱ። ከቤቱ ውስጥ የአያ ስማቸው ድምፅ ይሰማል፤ እግዜር ከዚህች ጉድ አወጣህ፣ አይዞህ፣ ገና ወንድ ነህ፣ ንጹህ ሴት እንፈልግልሃለን እያሉ ነው። መለኪያ ከመለኪያ ሲገጭ ሰማች። ከዚያ ሁሉም አሜን አሉ።

ከአጥሩ ጫፍ ሲደርሱ "ፋና" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ዞረች። ደረሰ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባም ያለበት ይመስላል። ይህን ሁሉ ዓመት አብረው ኖረዋልና ላንድ አፍታ ልቧ ደነገጠ። ምን ሊላት ነው?

"ያችን ሁለተኛዋን ጠርሙስ የት ነው ያስቀመጥሻት?" አላት።

"ከጋኑ ጀርባ ናት" አለችው።

"እግዜር ይስጥሽ" አለና ገባ።